ብዙ ሰው በማያውቀው የፕሮግራም ቋንቋ ቶሎ መሥራታችንን ለፋብሪካ ባለቤት እንዴት እናስረዳ?

የገላኑ፦

ጤና ይስጥልኝ። ገላን ውስጥ በተከራየናት ጠባብ ቢሮ ሦስት ሆነን ሶፍትዌር እየሠራን እንተዳደራለን። ደንበኞቻችን ከቃሊቲ እስከ ዱከም በሚዘልቀው መንገድ ግራና ቀኝ ያሉ የጭነት ትራንስፖርት ድርጅቶች፣ ዱቄት ፋብሪካዎችና የግንባታ ዕቃ መጋዘኖች ናቸው። የምንሠራበት ቋንቋ ኤሊክሰር ይባላል። ለማታውቁት፣ ኤሊክሰር ጆዜ ቫሊም የተባለ ብራዚላዊ የፈጠረው ነው፤ የመጀመሪያው ሙሉ እትሙ የወጣው እ.ኤ.አ. በ2014 ሲሆን፣ የሚሮጠውም የስዊድኑ የቴሌኮም ኩባንያ ኤሪክሰን ለስልክ ማዞሪያዎቹ ብሎ በሠራው፣ ኤርላንግ በተባለ ቋንቋ መሠረት ላይ ነው።

በ2016 ዓ.ም. መጀመሪያ ላይ ለአንድ የጭነት ትራንስፖርት ድርጅት የስምሪት ሥርዓት ሠራን። መኪናው ከግቢ መውጣቱ፣ ሞጆ ደረቅ ወደብ መድረሱ፣ ጭኖ መመለሱ፣ የሾፌሩ አበልና ነዳጅ መወራረዱ፣ ይህ ሁሉ ከዚያ በፊት በአንድ ወፍራም መዝገብና በስምሪት ኃላፊው ሁለት ስልኮች ላይ የቆመ ነበር። ሥራውን በአራት ወር አስረከብን። ከእኛ በፊት ሌላ ቡድን ብዙ ሰው በሚያውቀው በጃቫ ቋንቋ ጀምሮት፣ አሥራ አራት ወር ቆይቶ ሳይጨርስ ውሉ ተቋርጦ ነበር።

ፍጥነቱ ከየት እንደመጣ ስንመረምር ሦስት ነገር እናገኛለን። አንደኛው፣ ላይቭቪው በተባለው መሣሪያ አማካይነት ተጠቃሚው የሚያየውን ገጽ የምንጽፈው ሰርቨሩን በምንጽፍበት በዚያው ቋንቋ በመሆኑ፣ አንድ ሥራ ለሁለት ቡድን አይከፈልም። ሁለተኛው፣ አንድ የጉዞ ሰነድ ሊኖርበት የሚችለውን ሁኔታ ሁሉ፣ የተከፈተ፣ የተጫነ፣ የተመለሰ፣ የተወራረደ፣ የተሰረዘ እያልን ለእያንዳንዱ የየራሱን አጭር ደንብ ስለምንጽፍ፣ ደንበኛው «ይህ ሲሆንስ?» ብሎ ሲጠይቅ መልሱ የት እንዳለ ወዲያው እናገኘዋለን። ሦስተኛው ከኤርላንግ የተወረሰው የጥበቃ ሥርዓት ነው። አንድ ሌሊት ከነዳጅ ማደያ የመጣ ፋይል ውስጥ የተበላሸ መስመር ነበርና፣ እሱን ያነብ የነበረው ክፍል ወድቆ፣ ተቆጣጣሪ በሚባለው የፕሮግራሙ ክፍል እንደገና ተነሥቶ፣ ሌላው ሥራ ሳይቋረጥ አደረ። ጥፋቱን ያየነው ጠዋት ቡና ስንጠጣ ነው። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላም፣ ባለቤቱ የመለዋወጫ ዋጋ በግዥው ዕለት ተመን ተመዝግቦ እንዲቀመጥለት ቢጠይቀን፣ ለውጡን በሁለት ቀን ሠርተን አስገባንለት።

ይህንን ሁሉ በአሥራ ሁለት ስላይድ አዘጋጅተን ለአንድ ትልቅ ፋብሪካ አቀረብን። ሲያዳምጡን ከቆዩ በኋላ ከቦርድ አባላቱ አንዱ «ይህን ቋንቋ የሚያውቅ ሰው አዲስ አበባ ውስጥ ስንት አለ?» ብለው ጠየቁ። እውነቱን ተናገርኩ፤ ከእኛ ሌላ የማውቃቸው በጣት የሚቆጠሩ ናቸው አልኩ። ከዚያ በኋላ ስለ ምርታማነት የጠየቀን ሰው የለም። ሥራው ከእኛ ይልቅ ውድ ዋጋና ረጅም ጊዜ ላቀረበ ድርጅት ተሰጠ። ከዚያ ወዲህም በሌላ ቦታ ሁለት ጊዜ ይኸው ደረሰብን።

ጥያቄዬ ይህ ነው፦ የአንድን ብዙም የማይታወቅ ቋንቋ ምርታማነት ለእንዲህ ዓይነት ድርጅት ለማስረዳት የተሻለ መንገድ አለ ወይ? የቋንቋውን ስም ጭራሽ ባናነሣ ማታለል ይሆናል ወይ? ወይስ ሁሉም ወደሚያውቀው ቋንቋ ተመልሰን በዝግታ እንሥራ?


ግዥ ክፍል፦

እኔ ከጠረጴዛው ማዶ የምቀመጥ ሰው ነኝ። ዱከም አካባቢ ባለ አንድ የምግብ ማቀነባበሪያ ፋብሪካ ውስጥ የግዥና ፋይናንስ ኃላፊ ስሆን፣ ኮድ ጽፌ አላውቅም። ስለዚህ የምናገረው እናንተ በቆማችሁበት ስላይድ ፊት እኛ ምን እንደምናስብ ብቻ ነው።

መጀመሪያ፣ ምርታማነት የእናንተ ጥቅም እንጂ የእኔ አይደለም። ሌላው በስምንት ሰው የሚሠራውን እናንተ በሦስት ሰው ብትሠሩት፣ የተረፈው የአምስት ሰው ደመወዝ ወደ ኪሳችሁ ይገባል፤ ወደ እኔ የሚደርሰው ዋጋውን ከቀነሳችሁ ወይም ቀኑን ካሳጠራችሁ ብቻ ነው። ሁለተኛውና ዋናው ግን፣ «ሦስት ሰዎች ብቻ ነን» ስትሉ በኩራት የምትናገሩት ቁጥር እኔን የሚያስፈራኝ ቁጥር ነው። ከሦስታችሁ ለአንዱ ዲቪ ቢደርሰው፣ ሌላኛው በአንድ ባንክ ቢቀጠር፣ የፋብሪካዬ መጋዘን በአንድ ሰው ስልክ ላይ ተንጠልጥሎ ይቀራል ማለት ነው። ምርታማነታችሁን ባጎላችሁት መጠን ይህንን ፍርሃት አብራችሁ ታጎሉታላችሁ። ያ የቦርድ አባል የጠየቁት ስለ ቋንቋ መሰላችሁ እንጂ፣ «እናንተ ስትሄዱ ማንን እጠራለሁ?» ማለታቸው ነበር።

ምሳሌ ልስጥ። በእኛ አገር የሒሳብ ሠራተኛ ቅጥር ማስታወቂያ ሲወጣ «ፒችትሪ የሚችል» የሚለው አይቀርም። ሶፍትዌሩ ስሙን ከቀየረ ዓመታት ቢያልፉም እኛ ዛሬም ፒችትሪ ነው የምንለው። ፒችትሪ በምን ቋንቋ እንደተጻፈ የሚያውቅ አንድ የፋይናንስ ኃላፊ አላጋጠመኝም፤ ጠይቆ የሚያውቅም የለም። ግድ የሌለን፣ የሒሳብ ሠራተኛው ዛሬ ቢለቅ በሳምንቱ ሌላ ስለምናገኝ ነው። በአንጻሩ ሶፍትዌሩ ለምርት ሥራችን ምቹ እንዳልሆነ፣ በየወሩ መጨረሻ ግማሹን ሥራ በኤክሴል እንደምንጨርሰው እናውቃለን፤ ነገር ግን ከማያውቁት መልአክ የሚያውቁት ሰይጣን ይሻላል ብለን ተቀምጠናል። የምትወዳደሩት ከጃቫ ጋር ሳይሆን ከዚህ ስሜት ጋር ነው።

ደግሞም ጠያቂው በጽሑፉ መካከል ቀብሮት ያለፈው አንድ ነገር አለ፤ የምንዛሪውን ለውጥ በሁለት ቀን ማስገባታችሁ። በዚያ ሐምሌ እኛ ዘንድ ተመሳሳይ ለውጥ ጠይቀን ሥርዓቱን የሠራልን ድርጅት ለሁለት ወር ያህል ሲያመላልሰን፣ የዓመቱ ሒሳብ መዝጊያ ላይ ኦዲተሮቹ ያንን ክፍተት አንሥተውብን ነበር። እኔን ቢሆን ኖሮ፣ ከስላይዱ ይልቅ ወደዚያ ትራንስፖርት ድርጅት ወስዳችሁኝ ስምሪት ኃላፊው ራሱ ይህንን ቢያወራኝ ይበጀኝ ነበር።


ከድሮው ማዞሪያ፦

በቴሌኮም ሥራ ላይ ረጅም ዘመን ያሳለፍኩ ሰው ነኝና፣ ኤርላንግን በስም የማውቀው ብዙዎቻችሁ ሳትወለዱ ነው። የገላኑ ወንድሜ፣ የደረሰብህ ነገር አዲስ እንዳልሆነና በቋንቋው የገዛ ቤት ውስጥም እንደተፈጸመ ብነግርህ ምናልባት ይቀልህ ይሆናል። ኤርላንግን እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ አጋማሽ በኤሪክሰን ቤተ ሙከራ የጀመሩት ጆ አርምስትሮንግ፣ ሮበርት ቨርዲንግና ማይክ ዊሊያምስ ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1998 ኩባንያው ከአንድ ሚሊዮን በላይ የኤርላንግ መስመር ያለበትን ኤኤክስዲ 301 የተባለ ማዞሪያ ይፋ አደረገ፤ ማንም ሊጠይቀው የሚችለው የምርታማነት ማስረጃ በእጁ ነበር ማለት ነው። ሆኖም በዚያው ዓመት የኤሪክሰን የሬዲዮ ክፍል አዲስ ምርት በኤርላንግ እንዳይጀመር ከለከለ። የተሰጠው ምክንያት ቋንቋው ይዘገያል የሚል ሳይሆን፣ የአንድ ቤት ብቻ ከሆነ ቋንቋ ይልቅ ሌላውም ዓለም የሚጠቀምበት ይሻላል የሚል ነበር። ግዥ ክፍል የተናገሩት ፍርሃት ይኸው ነው። በዓመቱ መጨረሻ ኮዱ ለሕዝብ ክፍት ተደረገ፤ አርምስትሮንግም ከጓደኞቹ ጋር ወጥቶ ሌላ ኩባንያ አቋቋመና፣ ወደ ኤሪክሰን የተመለሰው እ.ኤ.አ. በ2004 ነው።

እንደምገምተው ከስላይዶችህ በአንዱ ላይ ዋትስአፕ አለ። ፌስቡክ እ.ኤ.አ. በ2014 በ19 ቢሊዮን ዶላር ለመግዛት ሲስማማ፣ ኤርላንግን የሚጠቀመው ይህ ድርጅት ወደ 450 ሚሊዮን ተጠቃሚ የሚያገለግለው በ32 ገደማ መሐንዲሶች ነበር። ለእኛ ለባለሙያዎቹ ልብ የሚያሞቅ ታሪክ ነው። ለዱቄት ፋብሪካ ባለቤት ግን የሩቅ አገር ተረት ነው፤ ለእሱ 450 ሚሊዮን ሰው ሳይሆን ሚዛን ላይ የቆመው መኪና ነው የሚያሳስበው። የቪያዌብን ታሪክም ብትጠቅስ ተጠንቅቀህ ይሁን። ፖል ግራሃምና ሮበርት ሞሪስ እ.ኤ.አ. በ1995 ሊስፕ በተባለ ቋንቋ የጀመሩትን ይህንን የኢንተርኔት ሱቅ መሥሪያ ያሁ እ.ኤ.አ. በ1998 ገዛው፤ የፍጥነታቸው ምስጢር ሊስፕ እንደነበር ግራሃም ደጋግሞ ጽፏል። ግን ያሁ ከጥቂት ዓመታት በኋላ በሊስፕ የተጻፈውን ክፍል በሲ ፕላስ ፕላስና በፐርል እንደገና አስጻፈው። የቦርድ አባሉ ይህንን ቢያውቁ ክርክሩ ለእሳቸው ነው የሚሆነው።

ከሁሉ የሚሻለው ምሳሌ ለእኔ የብራዚሉ ኑባንክ ነው። ሥራውን ክሎጀር በተባለ ብዙም በማይታወቅ ቋንቋ ላይ መሥርቶ ካደገ በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ2020 ከቋንቋው በስተጀርባ የነበረውን ኮግኒቴክት የተባለ ድርጅት ራሱን ገዛው። ባንኩ ሥጋቱ የለም ብሎ አልተከራከረም፤ ገንዘብ አውጥቶ ሸፈነው። የእኛ አገር ፋብሪካ ድርጅት ባይገዛም፣ ሥጋቱን የሚሸፍን ነገር በዋጋ ውስጥ መኖር እንዳለበት ከዚህ መማር ይቻላል።

አንድ የሚጎረብጥ ጥያቄም ልጨምር። አራት ወር ከአሥራ አራት ወር ጋር ሲነጻጸር ያሸነፈው ቋንቋው ነው ወይስ እናንተ? እ.ኤ.አ. በ2000 ሉትስ ፕሬሼልት የተባለ ጀርመናዊ ተመራማሪ ለአንድ ዓይነት ጥያቄ በሰባት ቋንቋዎች የተጻፉ 80 ፕሮግራሞችን አነጻጽሮ ነበር። እንደ ፓይተንና ፐርል ባሉት ቋንቋዎች ለመጻፍ የፈጀው ጊዜ ከጃቫና ከሲ ፕላስ ፕላስ በእጅጉ ያነሰ ሆኖ ተገኘ፤ ይህ ለአንተ ወገን ነው። ነገር ግን በዚያው ጥናት፣ በአንድ ቋንቋ በሚጽፉ ሰዎች መካከል የታየው ልዩነት በቋንቋዎቹ መካከል ከታየው ይበልጥ ነበር። ለብቻ የሮጠ የሚቀድመው የለም እንደሚባለው፣ አንድ ሥራ አንድ ጊዜ ሠርቶ ውጤቱን ለቋንቋው መስጠት ይከብዳል።

ደግሞ ላይቭቪው ከሰርቨሩ ጋር ያልተቋረጠ ግንኙነት ይፈልጋል። በዚያ መስመር ኔትወርክ በቀን ስንት ጊዜ እንደሚቆራረጥ ሁላችንም እናውቃለን። ይህንን እንዴት ተወጣችሁት?


የገላኑ፦

ጋሼ፣ ስለ መልስዎ ከልብ አመሰግናለሁ። ዋትስአፕ በእርግጥም ሦስተኛው ስላይድ ላይ አለ፤ ዛሬ አወጣዋለሁ።

ስለ አራቱ ወር ያነሡት ትክክል ነው፤ ከእርስዎ ጥያቄ በኋላ ሌሊቱን ሳስበው አደርኩ። ከእኛ በፊት የነበረው ቡድን ከአሥራ አራቱ ወር ውስጥ አብዛኛውን ያጠፋው ድርጅቱ የሚፈልገውን ሳያውቅ ሲያስቀይረው ነው። እኛ ስንደርስ ስምሪት ኃላፊው የሚፈልገውን በሚገባ ለይቶ፣ በሁለት ገጽ ጽፎ ይጠብቀን ነበር። ያንን ሁለት ገጽ ያስከፈለው የእነዚያ ልጆች ድካም ነው፤ በስላይዳችን ላይ ግን ስማቸውን የጠራነው ለማሳነስ ብቻ ነበር። ለቋንቋው ልሰጠው የምችለው ድርሻ ከዚያ በኋላ የመጣው ነው፤ ለውጥ ሲጠየቅ የነበረውን ሳያፈርስ ቶሎ ማስገባት መቻላችን።

ስለ ኔትወርኩ፣ ሰርቨሩን ያስቀመጥነው እዚያው ግቢ ውስጥ፣ ከስምሪት ክፍሉ አጠገብ ነው፤ በሐምሌ ምንዛሪው ከተለወጠ ወዲህ ውጭ አገር ያለ ሰርቨር በዶላር መክፈልም የሚቻል አልሆነም። መብራት ሲጠፋ ባትሪው ጄኔሬተሩ እስኪነሣ ይይዘዋል። በግቢው ውስጥ ላሉት ገጹ እንከን የለውም። ሞጆ ላይ ለሚቀመጠው ተቆጣጣሪ ግን ላይቭቪው አልሆነም፤ ግንኙነቱ በተቋረጠ ቁጥር ሞልቶ ያልጨረሰው ቅጽ ይጠፋበት ነበር። በመጨረሻ ለእሱ ብቻ መረጃውን በስልኩ ላይ አቆይቶ ኔትወርክ ሲመጣ የሚልክ ትንሽ ገጽ በጃቫስክሪፕት ጻፍንለት። ስለዚህ «ሁሉም በአንድ ቋንቋ» ያልኩት ሙሉ በሙሉ እውነት አይደለም፤ ይህንንም ማስተካከል ይኖርብኛል።


የሰበታው፦

ግዥ ክፍል ያሉት ፍርሃት እውነት መሆኑን መመስከር የምችለው እኔ ነኝ፤ ምክንያቱም ትቶ የሄደው ሰው እኔ ነበርኩ። ለአንድ የግንባታ ዕቃ መጋዘን የገቢና የወጪ መመዝገቢያ በኤሊክሰር ሠርቼ አስረከብኩ። የዕቃ ገቢና ወጪ ሰነዶቹን ሞዴል 19 እና ሞዴል 22 ከሚያወጡበት ከወረቀቱ ጋር አንድ እንዲመስል አድርጌ ስለሠራሁት ንብረት ክፍሉ በሁለት ቀን ለመደው። ከዚያ በሌላ መሥሪያ ቤት በጃቫስክሪፕት ሥራ ተቀጠርኩ፤ በዚህ ቋንቋ ብቻ እንጀራ መብላት አልቻልኩምና። ባለቤቱ ስምንት ወር ሙሉ እየደወሉ ለመኑኝ፤ እኔም በእሑድ እሑድ እየሄድኩ አንዳንድ ነገር አስተካከልኩላቸው፤ በመጨረሻ ግን ስልካቸውን ማንሣት አፈርኩ። አሁን አንድ ልጅ በፒኤችፒ እንደገና ጽፎላቸዋል። እንደ ቀድሞው ጥሩ አይደለም፤ ግን ልጁ እዚያው ሰፈር ነው የሚኖረው።

ስለዚህ ስሙን ደብቁት ለሚል አልስማማም። አንድ ቀን መታወቁ አይቀርም፤ የዚያን ቀን ባለቤቱ የሚሰማው መታለልን ነው። ይልቅ ሰው አብዙ። ኪሊንጦ ያለው የሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ ከእናንተ ቢሮ ሩቅ አይደለም፤ ለተግባር ልምምድ ቦታ የሚፈልግ ተማሪ አይታጣም። ሌላ ቋንቋ አስቀድሞ የሚያውቅ ልጅ ከባዶ መጻፍ ባይችል እንኳ፣ የተጻፈን የኤሊክሰር ኮድ አንብቦ ማስተካከል በሁለት ወር ውስጥ ይችላል፤ እኔ የተማርኩት በዚያ ፍጥነት ነው።


ግዥ ክፍል፦

የሰበታው ልጅ የተናገረውን እኔ በውል ቋንቋ ልበለው። አንድ አቅራቢ የሚከተሉትን ቢያቀርብልኝ፣ በምን ቋንቋ እንደጻፈው ሳልጠይቀው እፈርም ነበር ብዬ አስባለሁ። ኮዱ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ በፋብሪካው ስም በተከፈተ አካውንት ይቀመጥ እንጂ ሲያልቅ በፍላሽ አይሰጠኝ። እናንተ ባትኖሩ ሥራውን የሚረከብ፣ ኤሊክሰር የሚያውቅ ሌላ ድርጅት ወይም ባለሙያ በውሉ ውስጥ በስም ይጠቀስና እሱም ይፈርም። ከክፍያው አንድ አሥረኛው ለአንድ ዓመት ተይዞ ይቆይ። ከእነዚህ ሁሉ በላይ ግን አንድ ፈተና አለኝ፦ ሥርዓቱን ያልሠራ ሰው፣ እናንተ ከክፍሉ ወጥታችሁ፣ እኔ በማዘው አንድ ትንሽ ለውጥ ላይ እፊቴ ተቀምጦ ይሥራ። በሁለት ቀን ከጨረሰው፣ ምርታማነት የምትሉትን ነገር ያን ጊዜ እኔም አየሁት ማለት ነው፤ የሦስታችሁ ብልጠት ሳይሆን የሥራው ጠባይ መሆኑንም አወቅሁ።


የገላኑ፦

ፈተናውን እንቀበለዋለን። ከስድስት ሳምንት በፊት ለተግባር ልምምድ የተቀበልናት አንዲት ተማሪ አለች፤ የስምሪቱን ሥርዓት ኮድ እስካሁን በንባብ ብቻ ነው የምታውቀው። ትራንስፖርት ድርጅቱ የጎማ ቅያሬ መመዝገቢያ እንዲጨመርለት ጠይቆናልና፣ እኛ ሳንነካው ለእሷ ሰጥተናታል። ስምሪት ኃላፊው የሚሆነውን በቅርብ እየተከታተሉት ነው፤ ሥራው ሲያልቅ ግዥ ክፍል ፈቃድዎ ከሆነ መጥተው ያነጋግሯቸው።

አንድ ነገር ብቻ ልጠይቅዎ። ተተኪ ሆኖ ውሉ ላይ የሚፈርም አንድ ድርጅት መሀል ከተማ አግኝተናል፤ ግን ዝግጁ ሆኖ ለመቀመጥ በየወሩ ክፍያ ይፈልጋል። ይህንን ወጪ በጠቅላላ ዋጋችን ውስጥ እናካትተው ወይስ ለብቻው እናሳየው? ለብቻው ካሳየነው «ራሳቸው የማይተማመኑበት ነገር ነው» የሚያሰኝብን መሰለኝ።


ግዥ ክፍል፦

ለብቻው በተለየ መስመር አስቀምጡት። በጠቅላላ ዋጋው ውስጥ ከተደበቀ ለገምጋሚ ኮሚቴው የሚታየው ከሌላው ተወዳዳሪ ከፍ ያለ ዋጋ ብቻ ነው፤ ለብቻው ሲቀመጥ ግን ሌሎቹ አቅራቢዎች ያላቀረቡት አንድ አገልግሎት ሆኖ ይነበባል፤ ኮሚቴው አያስፈልገንም ካለም እሱን ብቻ ይሰርዘዋል። የጎማው መመዝገቢያ ሲያልቅ አሳውቁኝ። ወደ ትራንስፖርት ድርጅቱ የምመጣው ጠዋት ቢሆን ይሻላል፤ ከሰዓት በኋላ ከሞጆ የሚመለሱት መኪኖች ስለሚገቡ ስምሪት ኃላፊው ለማውራት ጊዜ አይኖራቸውም።